ኬላ በኬላ

ስሙኝማ! የአበርገሌን ቆላ የረገጠ ሰው ፀሐዩን አይረሳውም። በዚያ ፀሐይ ከአፋር የጨው ሜዳ የተጠረበው አሞሌ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይጓዝ ነበር። አሞሌ ታውቃላችሁ? ከስንዝር ትንሽ ያለፈ፣ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፣ እንዳይሰበር በልጥ የተጠፈረ ጨው ነው። ኬላ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ ቀረጥ ይነሣበታል፣ እንደገና ይጫናል። ቀጣዩም ኬላ ላይ እንዲሁ። ጨው በሚወጣበት አጠገብ ብዙ አሞሌ የሚገዛ አንድ ማርትሬዛ ብር ሸዋ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ይገዛ ነበር። የመንገዱ ድካም አለበት፤ ቀረጡም አለበት።

ታዲያ የንግድንና የቀረጥን ነገር አስበው የጻፉ ሰው ተነሡ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ምፅዋ ላይ ከቆመ የጀርመን መርከብ ገብተው ሄዱ፤ አውሮፓ አደጉ፣ በርሊን ሕክምና ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ለአጤ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ፣ ኋላ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የቀረጥ ሹም፣ ሆኑ። ድሬዳዋ ያኔ የባሕር ማዶ ዕቃ በባቡር መጥቶ የሚራገፍባት፣ ቡናና ቆዳ የሚጫንባት ከተማ ናት። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ እየደኸየ እንደሚሄድ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው አስረዱ። ሐኪም ሊሆኑ የተማሩ ሰው የአገራቸውን ሕመም ከገበያው አገኙት፤ እኔ ይህን ትልቅ ነገር እላለሁ።

የዛሬው ኬላ የግብር ሕግ ነው፤ የዓለም አቀፍ ታክስ አማካሪ የምንለው ባለሙያም፣ ኬላው የት እንደተተከለ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ የቆየ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ ውጭ አገር ያገኘው ገቢም ይታሰብበታል። አንዱ ገቢ ሁለት አገር እንዳይቀረጥ ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከቻይና፣ ከቱርክና ከሌሎችም ጋር ስምምነት አለን። አማካሪው ያንን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ ደንበኛውን «እዚያ የከፈልከው እዚህ ይያዝልሃል» ይለዋል። የአሞሌው ነጋዴ እንዲህ የሚለው ሰው አልነበረውም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። ሰቆጣና አበርገሌ ሆናችሁ የሒሳብ መዝገብ የምትማሩ ልጆች፣ ፈልጋችሁ አንብቡት።