ብቻቸውን ባንድ የሆኑት አንጋፋ

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ተሻገሩ፤ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻቸው ካሴት ሲቀርጹ ከጎናቸው ባንድ አልነበረም። ሪትም ማሽኑ ምቱን ያዘላቸው፤ ሮድስ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘር ደራረቡበት፤ በላዩ የወጣትነታቸውን አኮርዲዮን ለቀቁበት። ካሴቱ በ2013 ዳግም ሲታተም ዓለም አዲስ ግኝት አደረገው።

ይህ መደራረብ የስቱዲዮ ሥራ ነው። በመድረክ፣ ሰው እያየ ለማድረግ ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በ1970ዎቹ ሙዚቀኞቹ ሮበርት ፍሪፕና ብራያን ኢኖ ድምፅ ለመደራረብ ሁለት የቴፕ መቅረጫዎችን በአንድ ክር አያያዙ፤ አንደኛው የቀዳውን ሁለተኛው ዘግይቶ ይመልሰዋል። ዲጂታል ዲሌይ የተባለው መሣሪያ ክሩን አስቀረው፤ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ በማስታወሻው ያቆየዋል። በ1983 የወጣው የቦስ ዲዲ-2 ፔዳል የሚይዘው ቢበዛ 800 ሚሊሰከንድ ነበር። አንዲት ሰከንድ እንኳ አትሞላም! በኋላ የመጡት ግን ሙሉ ሐረግ ያዙ።

አንድ የማሲንቆ ተጫዋች በእግሩ እንዲህ ያለ ፔዳል ሲረግጥ ቀረጻው ይጀምራል፤ ደግሞ ሲረግጥ ሐረጉ መዞር ይይዛል፤ እሱም ምላሹን ይጫወትበታል። በችክችካ ምት ግን ሁለተኛው እርግጫ በጥቂቱ ቢዘገይ፣ ሐረጉ በዞረ ቁጥር ያነክሳል። በአገራችን ዘፈን ተቀባዮች የሚሸከሙትን ያህል ከባድ ኃላፊነት በአንድ እግር ላይ ያርፋል።