ሂሳዊ አመክንዮ (የመግቢያ ፈተና)

ሂሳዊ አመክንዮ ወይም በፈተና አዘጋጆች አጠራር ክሪቲካል ሪዝኒንግ፣ አጭር የጽሑፍ ሙግትን አንብቦ መነሻውን፣ ድምዳሜውንና በመካከላቸው ያለውን ያልተነገረ ድልድይ የመለየት ችሎታ ነው። ለድህረ ምረቃ ትምህርት በሚሰጡ የመግቢያ ፈተናዎች፣ በተለይም በንግድ ትምህርት ቤቶች ፈተና በጂማት፣ ራሱን የቻለ የጥያቄ ዓይነት ሆኖ ይቀርባል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሆነው ኤልሳትም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ሎጂካል ሪዝኒንግ በሚል ስም ይጠይቃል።

በአማርኛ «ሙግት» የሚለው ቃል የፍርድ ቤት ሽታ አለው፤ ባላጋራን መርታት ያለበት ጉዳይ ይመስላል። እዚህ ግን ሙግት ማለት አንድን ድምዳሜ ለመደገፍ የቀረቡ ምክንያቶች ስብስብ ብቻ ነው። ተፈታኙ የሚጠየቀው በድምዳሜው ይስማማ አይስማማ ሳይሆን፣ ምክንያቶቹ ድምዳሜውን መሸከም ይችሉ እንደሆነ ነው። ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚያውቅ ሰው አንዳንዴ ከማያውቀው ይልቅ የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ጽሑፉ ያላለውን ከራሱ እውቀት ይጨምርበታል።

የፈተናው ቅርጽ

ጂማት በመጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን የአሁኑን ስያሜውን ያገኘው በ1976 ነው። ባለቤቱ ግራጁዌት ማኔጅመንት አድሚሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ነው። በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲስ ቅርጹ ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጠቅላላ ውጤቱም ከ205 እስከ 805 ይደርሳል። የቋንቋው ክፍል 23 ጥያቄዎች አሉት፤ እነዚህም የአንብቦ መረዳትና የሂሳዊ አመክንዮ ጥያቄዎች ናቸው። ቀድሞ የነበረው የሰዋስው ማረሚያ ጥያቄ ስለወጣ የሂሳዊ አመክንዮ ክብደት ጨምሯል። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ጥያቄዎቹ ሙግቱን የሚያጠናክር ወይም የሚያዳክም ሐሳብ መፈለግን፣ ስውር ግምቱን ማውጣትን፣ ከተሰጠው ተነሥቶ የግድ እውነት የሚሆነውን መለየትን፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስልን ሁኔታ ማብራራትን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በሙግቱ ውስጥ ያለውን ሚና መናገርን ይጨምራሉ። ሲታዩ ብዙ ቢመስሉም የአብዛኞቹ ቁልፍ ስውር ግምቱ ነው።

የሙግት ትንተና በምሳሌ

ለማሳያ የተዘጋጀ ሙግት እንውሰድ፦ «አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ለአሽከርካሪዎቹ ሁሉ ሥልጠና ሰጠ። ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ስድስት ወራት የደረሰው አደጋ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ከደረሰው በሲሶ ቀነሰ። ስለዚህ ሥልጠናው አደጋን ቀንሷል።»

መነሻዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ አደጋ ቀንሷል። ሁለቱም እንደ እውነት ይወሰዳሉ። ድምዳሜው ግን አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል፤ እሱም «ሥልጠናው አመጣው» የሚለው ነው። ስንጥቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱ በሌላው ምክንያት መምጣቱን አያሳይም።

ሙግቱን ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው ተብሎ የሚከተሉት አማራጮች ቢቀርቡስ?

ሀ) አንዳንድ አሽከርካሪዎች ከሥልጠናው በኋላም አደጋ አድርሰዋል።
ለ) በዚያው ከተማ ምንም ሥልጠና ያልሰጠ ሌላ ድርጅት በዚያው ጊዜ አደጋው በተመሳሳይ መጠን ቀንሶለታል።
ሐ) ሥልጠናው ድርጅቱን ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል።
መ) በሁለቱም ጊዜያት አውቶቡሶቹ የተጓዙት ርቀት እኩል ነበር።

ብዙ ጀማሪ «ሀ»ን ይመርጣል። ሙግቱ ግን አደጋ ቀነሰ እንጂ ጠፋ አላለም፤ ስለዚህ «ሀ» አይነካውም። «ሐ» ስለ ወጪ እንጂ ስለ ምክንያት አይናገርም። «መ» ደግሞ የተንኮለኛ አማራጭ ነው፦ ከጉዳዩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። አውቶቡሶቹ ትንሽ ስለሮጡ ነው አደጋ የቀነሰው የሚለውን ጥርጣሬ ስለሚዘጋ ሙግቱን ያጠናክራል። መልሱ «ለ» ነው፤ ለሁለቱም ድርጅቶች የጋራ የሆነ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የመንገድ ጥገና ወይም የወቅት ለውጥ፣ እንዳለ ይጠቁማል።

ስውር ግምት ሲጠየቅ የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ የማፍረስ ሙከራ ነው። አማራጩን ወደ ተቃራኒው ለውጦ ሙግቱ ይቆም እንደሆነ ማየት ነው። «አውቶቡሶቹ የተጓዙት ርቀት በእጅጉ አልቀነሰም» የሚለው ግምት ሲገለበጥ «በእጅጉ ቀንሷል» ይሆናል፤ ሙግቱም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ያ ግምት ለሙግቱ አስፈላጊ ነው። «አደጋን መቀነስ የሚችለው ሥልጠና ብቻ ነው» የሚለው ግን ሲገለበጥ ሙግቱን አይጥልም፤ ሌላ መንገድ ቢኖርም በዚህ ጊዜ የሠራው ሥልጠናው ሊሆን ይችላልና። «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው አማራጮች ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይላሉ፤ ሆኖም ቃሉን ብቻ አይቶ መሰረዝ ራሱ ስህተት ነው።

ቁጥር ያዘለ ሙግት

ፈተናው ድርሻን ከብዛት ጋር ማደባለቅን ይወዳል። አንድ ምርት ከ1,000 ሽያጭ 20 በመቶውን ይዞ የነበረ ቢሆንና በቀጣዩ ዓመት ከ2,000 ሽያጭ 15 በመቶውን ቢይዝ፣ ድርሻው ወርዷል፤ የተሸጠው ግን ከ200 ወደ 300 አድጓል። «ድርሻው ስለቀነሰ የሚፈልገው ሰው ቀንሷል» የሚል ሙግት እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ከፈተና ወረቀት ውጭ የዚህ ዓይነት ሙግት ምን ያህል ሊያከራክር እንደሚችል የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ጉዳዩም ራሱ የድህረ ምረቃ ቅበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ለድህረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶ ገደማ፣ ከሴቶች ግን 35 በመቶ ገደማ ብቻ ተቀባይነት አገኙ። ድምዳሜው ቀላል ይመስል ነበር፦ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ያገላል። ፒተር ቢከልና ሁለት ባልደረቦቹ በ1975 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ቁጥሩን በትምህርት ክፍል ሲከፋፍሉት ግን ሴቶችን የመግፋት አጠቃላይ ዝንባሌ አልታየም፤ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሴቶች ያደላ ነበር። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለማንም ቢሆን መግባት አስቸጋሪ ወደሆነባቸው ክፍሎች ነበር። የመጀመሪያው ሙግት ስውር ግምት «ወንዶችና ሴቶች በተመሳሳይ መጠን ለተመሳሳይ ክፍሎች አመለከቱ» የሚል ነበር፤ እሱም ልክ አልነበረም። ይህ ክስተት በስታቲስቲክስ የሲምፕሰን አያዎ ይባላል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ጥናቱ ሴቶች ወደ እነዚያ ክፍሎች ያዘነበሉበትን ማኅበራዊ ምክንያት ፍትሐዊ ነው አለማለቱን ነው። ሙግትን ማዳከም ተቃራኒውን ማረጋገጥ አይደለም።

የቋንቋ ወጥመዶች

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተፈታኝ ትልቁ እንቅፋት ረጅሙ ቃል ሳይሆን ትንንሾቹ ናቸው። «ፈተናውን ያለፈ ብቻ ይመዘገባል» ማለት ያለፈ ሁሉ ይመዘገባል ማለት አይደለም፤ የተመዘገበ ሁሉ አልፏል ማለት ነው። በሎጂክ «አንዳንድ» ቢያንስ አንድ ማለት ሲሆን ሁሉንም ሊጨምር ይችላል። «አብዛኞቹ» ከግማሽ በላይ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አብዛኞቹ አማርኛ፣ አብዛኞቹም ኦሮምኛ የሚናገሩ ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚናገር ቢያንስ አንድ ሰው መኖሩ የግድ ነው። ከዚያ አልፎ «ብዙዎቹ ሁለቱንም ይናገራሉ» ማለት ግን ከተሰጠው አይወጣም።

አለማመድ

ልምምዱ ያለ ሰዓት ቢጀመር ይሻላል። ሰዓት ቀድሞ ከገባ ተማሪው የሚለማመደው መቸኮልን ነው። በየጥያቄው መጀመሪያ ድምዳሜውን በራስ ቃል፣ ከተቻለ በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ከዚያም አማራጮቹን ሳያዩ ስንጥቁ የት እንዳለ መገመት ይጠቅማል። ጥያቄውን ከጽሑፉ አስቀድሞ ማንበብ ይሻል እንደሆነ አሰልጣኞች አይስማሙም፤ ቢያንስ ድምዳሜ ፍለጋና የግድ እውነት ፍለጋ የተለያየ አነባበብ ስለሚፈልጉ አስቀድሞ ማየቱ ጉዳት የለውም።

የስህተት መዝገብ መያዝ ብዙ ጥያቄ ከመሥራት የበለጠ ዋጋ አለው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ትክክለኛው ፊደል ሳይሆን የተሳሳተው አማራጭ ለምን እንደማረከ ነው። በግምት የተመለሰ ልክ መልስም ይመዘገባል። ከፈተናው ባለቤት የሚወጡ ያለፉ ጥያቄዎች ከሌሎች አዘጋጆች ሥራ ይመረጣሉ፤ የተመሳሳዮቹ አማራጮች ጥሩ አይሆኑም፣ አንዳንዴም ሁለት ልክ መልስ ይኖራቸዋል። በአሁኑ ጂማት በየክፍሉ መጨረሻ ሰዓት ከተረፈ እስከ ሦስት መልስ መለወጥ ስለሚቻል፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚያጠራጥር እየለዩ ምልክት ማድረግም የልምምዱ አካል ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ይወስዳሉ፤ የመነሻና የድምዳሜ አለያየት እንዲሁም የሕጸጽ ዓይነቶች በዚያ ይሰጣሉ። ለድህረ ምረቃ የሚያመለክቱም በተለምዶ ጋት የሚባለውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። በኮርሱ የሕጸጾችን ስም የሸመደደ ተማሪ በፈተናው ላይ ስሙን የሚጠይቀው አያገኝም፤ የሚጠየቀው በዚያ ሙግት ውስጥ ሕጸጹ የት እንደተደበቀ ነው።