ከሐዋሳ የሚወጣው አውራ ጐዳናና አራዊቱ

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን ካለፈ በኋላ በስተ ግራው የአብያታና የሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ያገኛል። የፓርኩ በር ከአውራ ጐዳናው ዳር ነው። እኛም ይህን መንገድ በተመላለስን ቍጥር፣ መንገዱ ወደ አራዊቱ መጣ ወይስ አራዊቱ ወደ መንገዱ? እያልን ጠይቀናል።

በአገራችን ታሪክ መንገዱ ይቀድማል፤ ጥበቃው ይከተላል። የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የታሰበው አውራጃን ከአውራጃ ማገናኘት፣ ቡናንና እህልን ለገበያ ማድረስ ነበር። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የብሔራዊ ፓርክ አሳብ በብርቱ የቀረበው ግን በሰር ጁሊያን ሀክስሊ የሚመራው የዩኔስኮ ቡድን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1963 አገራችንን ከጐበኘ በኋላ ነው። በአዋሽም ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 ነው። ከሁሉ በፊት የነበረውን ሳላ የጠየቀው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ባሌ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቍጥር ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ መኪና የገጨው ቀበሮ ተገኝቷል። ቍጥሩ እንዲህ ላነሰ ዘር የአንዲቱ ሞት ቀላል አይደለም። (በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚጠባበቀው አባ ኮዳ ድልድይ አይሻም፤ ክንፍ አለው።)

በካናዳ በባንፍ ፓርክ የመንገዱን ዳርና ዳር በአጥር ከልለው፣ ከመንገዱ በላይና በታች የአራዊት መሻገሪያ ሠሩ። ግጭቱም ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ ቀነሰ፤ ድቦቹ ግን መሻገሪያውን እስኪለምዱ ዓመታት ፈጅቷል። በኬንያ ተራራ አጠገብም ዝሆኖች ከመንገድ በታች ያልፋሉ። አጥር ብቻውን መሻገሪያ ከሌለው ግን መንጋን ለሁለት የሚከፍል ግንብ ነው። እኛም ፈጣን መንገዶቻችንን ስናጥር ይህን ልንዘነጋ አይገባም።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299/1995 ከሥራ በፊት ጥናት እንዲደረግ ያዛል። ጥናቱ ግን ካሳ የሚከፈለውን ሰው ብቻ ሳይሆን በሌሊት የሚሻገረውንም አውሬ መቍጠር አለበት ብለን እናምናለን። በሳነቴ የፍጥነት ወሰንና ማብረጃ ጕብታ ይበቃል። ከሞጆ እስከ ሐዋሳ በሚዘረጋው፣ ርዝመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ለጐርፍ ማሳለፊያ የሚሠራው ድልድይ ጥቂት ሰፋና ከፍ ቢል፣ አጥሩም ወደዚያ ቢመራ፣ ከርከሮና ጅብ ያሳልፋል።