የብሎን ጥርስ መለኪያ
ብረት፤ የቶርኖ ቤት መሣሪያ

ምላሶቹ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። «1.75» በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው፤ ለተለመደው የ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሆናል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ደረጃ ግን በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ይቆጥራል፤ ለግማሽ ኢንች ብሎን 12። የጥርሱ ማዕዘንም የእሱ 55 ዲግሪ፣ የሜትሪኩ 60 ነው።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜትሪክ ትጠቀም በነበረችው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው። የጣና ጀልባ ሞተር ግን ከየትም አገር ሊመጣ ስለሚችል፣ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ሁለቱንም ይለያል። መቁረጫውን በትክክለኛው ማዕዘን ይስላል፤ ጫፉን ከሚዞረው ብረት መሐል ጋር አስተካክሎ አጥብቆ ያስራል። መቁረጫው ከላላ ጥርሱ ይዛነፋል። ዳዶው ጥቂት ዞሮ ከጠበቀም በመፍቻ አያስገድደውም፤ ፈትቶ እንደገና ይለካል።