ጽዋ የያዘ የቆመ ሰው
ቴል አስማር (ጥንታዊቷ ኤሽኑና)፣ ኢራቅ፣ ከ2900–2550 ዓመተ ዓለም ገደማ። ጂፕስም፣ ቁመት 72 ሴ.ሜ

መጀመሪያ ዓይኖቹን ይመልከቱ፤ ነጩ ከዛጎል፣ ብሌኑ ከጥቁር የኖራ ድንጋይ ተሠርቶ የተሰካ ነው። ሱመራውያን እንዲህ ያሉትን ምስሎች በቤተ መቅደስ ያቆሙ የነበረው ባለቤቱ ወደ ሥራው ሲሄድ በእርሱ ፈንታ በአምላኩ ፊት እንዲጸልዩለት ነው። በሌሎች ምስሎች ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ይህ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴል አስማር በአንድ ቤተ መቅደስ መሠዊያ አጠገብ ተቀብረው ከተገኙት 12 ምስሎች ረጅሙ ነው። ቁፋሮውን የመሩት ሄንሪ ፍራንክፈርት በዓይኖቹ ግዝፈትና በመቆሚያው ላይ በተቀረጸው ክንፉን የዘረጋ ንስር ተመርተው፣ አቡ የተባለው አምላክ ራሱ ነው ብለው ነበር። እጆቹ ግን እንደ ሌሎቹ ጸሎተኞች ጽዋ ይዘው ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፤ የሱመር አማልክት መለያ የሆነው ባለ ቀንድ ዘውድም በራሱ ላይ የለም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ምእመን ነው ይላሉ።