ሆንዳ የታዳጊዎቹን ሲአር85 ማምረት ለምን አቆመ?

የሞቶክሮስ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። እንደ ንብ መንጋ የሚጮህ፣ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ የሚተው ትንሽ ሞተርሳይክል ነው። ሆንዳ ለታዳጊ ተወዳዳሪዎች ይሠራው የነበረው ሲአር85አር ከነዚህ አንዱ ነበር። የመጨረሻው ሞዴል የ2007 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቀረው ደካማ ስለነበረ አይደለም። ታዲያ ለምን? ማንንስ ጎዳ?

📌 ምን ዓይነት ሞተርሳይክል ነበር?

ታሪኩ የሚጀምረው በ1980 ከወጣው ሲአር80አር ነው። በ2003 የሞተሩ መጠን ትንሽ ከፍ ብሎ ሲአር85አር ተባለ። 84.7 ሲሲ ሞተር፣ 6 ማርሽ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ። ቁመታቸው ለረዘመ ልጆች ደግሞ ጎማው ተለቅ ያለ "ኤክስፐርት" የሚባል ዓይነት ነበረው። ለመንገድ የተሠራ አይደለም፤ ሥራው ውድድር ብቻ ነው።

ይሄን መጠን እንዳትንቁት። እነ ሪኪ ካርማይክል እና ጄምስ ስቱዋርት ዓለም ሳያውቃቸው በፊት በልጅነታቸው ስም ያወጡት በካዋሳኪ 80 ሲሲ ነው። የልጆች ውድድር የትልቆቹ መሰላል ነው።

📌 ቱ-ስትሮክ ምንድን ነው?

በቱ-ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተር ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር እሳት አለ። በፎር-ስትሮክ (ባለ አራት ምት) ግን አንድ እሳት ለማግኘት ሁለቴ መውጣትና መውረድ አለበት። ስለዚህ ቱ-ስትሮክ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ያወጣል።

የሲአር85 ዓይነቱ የውድድር ቱ-ስትሮክ ደግሞ ቫልቭ የለውም፣ ካምሻፍት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል። ፒስተንና ፋሻ ለመቀየር እጁ የተፍታታ አባት ጓሮው ውስጥ ሆኖ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ችግሩ ያው ጭሱ ነው። ዘይቱ አብሮ ይቃጠላል፣ ያልተቃጠለ ነዳጅም በማርሚታው ይወጣል።

📌 ታዲያ ማን አስቀረው?

ብዙ ሰው "የአካባቢ ብክለት ሕግ ነው" ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ በአጠቃላይ ቱ-ስትሮክ ላይ ጠብቋል፤ ነገር ግን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለውድድር ብቻ የተሠሩ ሞተርሳይክሎች ከልቀት ደንቡ ነፃ ናቸው። ሲአር85ን በቀጥታ የከለከለ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የውድድር ደንብ ነው። በ1997 ዳግ ሄንሪ በያማሃ ፎር-ስትሮክ የላስ ቬጋስን ሱፐርክሮስ አሸነፈ። በዓመቱ የ1998ቱ ዋይዜድ400ኤፍ ገበያ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ደንብ ፎር-ስትሮክ በእጥፍ የሚጠጋ መጠን ይዞ ከቱ-ስትሮክ ጋር እንዲሮጥ ይፈቅድ ነበር። 250 ሲሲው ከ125 ሲሲ ጋር ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ፋብሪካዎቹ ገንዘባቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ መገመት አይከብድም።

ሦስተኛው ሆንዳ ራሱ ነው። መሥራቹ ሶይቺሮ ሆንዳ ቱ-ስትሮክን እንደማይወዱ ይታወቃል። ድርጅቱ በ1973 በኤልሲኖር 250 ወደ ቱ-ስትሮክ ሞቶክሮስ የገባው ውድድሩ ስላስገደደው ነው። ደንቡ በር ሲከፍትለት ወደ ፎር-ስትሮኩ ተመለሰ። ከሲአር85 ጋር ትልልቆቹ ሲአር125 እና ሲአር250ም በ2007 ሞዴል አበቁ።

📌 በምትኩ ምን መጣ?

ሲአርኤፍ150አር። 149 ሲሲ፣ ፎር-ስትሮክ፣ 5 ማርሽ። ከታች ጀምሮ ጥሩ ይጎትታል፣ ለመንዳትም ይቀላል። ግን ክብደቱም ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ውስጡ ያለው ዕቃም ይበዛል። አንድ ቫልቭ ቢበላሽ ቴስታታ ማውረድ ግድ ነው። በውድድር ላይ እያለ ሞተሩ ከፈነዳማ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ ሲወዳደር ሞተሩ በየጊዜው መከፈቱ አይቀርም። ልጁ ስፖርቱ ውስጥ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመጠገኛውም ጭምር ነው። ርካሹ ጥገና ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወጣው አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ነው።

📌 ዛሬስ?

የታዳጊዎች ቱ-ስትሮክ አልሞተም። ያማሃ ዋይዜድ85ን አሻሽሎ ቀጥሏል፣ በ2018 ሞዴል ደግሞ ዋይዜድ65 ጨምሯል። ኬቲኤም 85 ኤስኤክስም አለ። ከሆንዳ በኩል ግን ለትንንሾቹ የወጣው አዲስ ነገር በሆንዳ ፈቃድ በሌላ ድርጅት የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ሲአርኤፍ-ኢ2 ነው። እሱም ለመማሪያ እንጂ የሲአር85ን ቦታ የሚተካ አይደለም።

ያገለገለ ሲአር85 ለመግዛት የሚያስብ ካለ፣ ከቀለሙ በፊት ሞተሩ መቼ እንደተከፈተና መለዋወጫው በቀላሉ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቅ። ምርቱ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል።