ዳግኒ ሆልም እና የቢሉንድ ትንንሽ ሕንፃዎች

በዴንማርክ፣ በጁትላንድ ምድር መካከል፣ ቢሉንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ባሕር የለም፤ ተራራ የላትም፤ የነገሥታት መቀመጫም ሆና አታውቅም። ይሁንና የኮፐንሃገኑ አማሊየንቦርግ ቤተ መንግሥት፣ የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት፣ በራሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹት አራት ፕሬዚዳንቶች፣ የግብፁ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ በአንድ ቅጥር ውስጥ ቆመውባታል። ሁሉም የተሠሩት ከመጫወቻ ጡብ ነው። የዚህ ቦታ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጡቡን ስለሚያመርተው ስለ ሌጎ ኩባንያ ነው። በእኔ እምነት ግን ታሪኩ የአንዲት ቀራፂ፣ የሁለት ወንድማማቾችና የአንድ እንግሊዛዊ የመጫወቻ ሠሪም ነው። ስማቸው በሳጥን ላይ ስላልታተመ ብቻ ሊዘነጉ አይገባም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድማማቾቹ ኦቶና ጉስታቭ ሊሊየንታል ይባላሉ። በ1870ዎቹ መጨረሻ በርሊን ውስጥ የኳርትዝ አሸዋ፣ ጠመኔና የተልባ ዘይት ለውሰው፣ በቅርጽ ማውጫ አትመው፣ የተጠረበ ድንጋይ የሚመስል የልጆች ጡብ ሠሩ። ጡቡ አማረ፤ ገበያው ግን አልቀናቸውም። በ1880 የአሠራሩን ምስጢር ፍሪድሪክ አዶልፍ ሪሽተር ለተባለ ነጋዴ በርካሽ ሸጡት። ሪሽተር የመልሕቅ ምልክት አትሞበት በብዙ አገር ቸበቸበው፤ ከየሳጥኑም ጋር ቤተ ክርስቲያን፣ ግንብና ድልድይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ አያይዞ ላከ። ወንድማማቾቹ ቆይተው ተመሳሳይ ጡብ ለመሸጥ ሲሞክሩ ሪሽተር ከሰሳቸው፤ ተረቱም። ኦቶ ፊቱን ወደ በረራ አዞረ። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው ያለ ሞተር፣ በራሱ ክንፎች ከኮረብታ እየተነሳ በመብረሩና በ1896 ከበረራ ላይ ወድቆ በመሞቱ ነው። የታዋቂ ሕንፃዎችን ቅርጽ በጡብ የማነጽ ልማድ በየቤቱ እንዲገባ ምክንያት መሆኑን ግን የሚያነሳለት ጥቂት ሰው ነው።

የመልሕቁ ጡብ አንድ ገደብ ነበረበት። የሚቆመው በክብደቱ ብቻ ነው። ወፍራም ግድግዳና ሰፊ ቅስት ያለው የድንጋይ ግንብ ያምርበታል፤ ቀጭንና ክፍት የሆነ የብረት ማማ ግን አይሞከርበትም። ያለቀውን ሕንፃ አንስቶ ወደ ሌላ ክፍል መውሰድም አይታሰብም። የሚያስፈልገው ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝ፣ ሲፈለግ ደግሞ የሚላቀቅ ጡብ ነበር።

የዚህን ጡብ መነሻ ያገኘው ሂላሪ ፊሸር ፔጅ ነው። በ1940ዎቹ እንግሊዝ አገር ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ከላዩ ክብ ጉብታዎች ያሉት የፕላስቲክ ጡብ ሠራ። የቢሉንዱ አናጺ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን ናሙናው እጁ ገባ። ኦሌ ኪርክ ወርክሾፑ በ1924 ነዶበት እንደገና የሠራ፣ በ1932 የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የቤት ግንባታ ሥራ ሲጠፋ ወደ እንጨት መጫወቻ የዞረ፣ በ1942 ደግሞ ፋብሪካው ዳግም ተቃጥሎበት ያልተበገረ ሰው ነው። በ1949 ከፔጅ ጡብ የተቀዳውን የራሱን ጡብ ለገበያ አወጣ። ፔጅ በ1957 አረፈ። የኦሌ ኪርክ ጽናት ያስደንቀኛል፤ ያም ሆኖ የፔጅን ድርሻ ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

የሁለቱም ጡብ ይላላ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከኦሌ ኪርክ ልጅ ከጎድፍሬድ ነው። ጥር 28 ቀን 1958 የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው ያመለከተበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ በጡቡ ሆድ ውስጥ ቱቦዎች ይደረጋሉ፣ የታችኛው ጡብ ጉብታዎች በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ተጣብቀው ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ ጡቡ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከደገፉበት ጫፍ አልፎ ወጣ፣ ተነስቶ ተጓዘ። የዚያ ዓመት ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል።

ዳግኒ ሆልም የመጣችው ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የጎድፍሬድ ዘመድ ናት፤ ኮፐንሃገን ውስጥ የቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ተምራለች። በ1961 ቢሉንድ ገብታ ሞዴል መሥራት ጀመረች፤ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽም ከሥራው አልተለየችም። በዚያ ጊዜ የነበራት የጡብ ዓይነት ጥቂት ነው። ቀለሙም እንደዚያው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። እንደ ዛሬው ለጉልላት የሚሆን ቆልማማ ክፍል፣ ለመስኮት የሚሆን ቀጭን ዘንግ አልነበረም። ጉንጭን፣ የልብስ እጥፋትን፣ የጣሪያ ቁልቁለትን በማዕዘናማ ጡብ ማውጣት ነበረባት፤ እያንዳንዱን ረድፍ ከበታቹ ካለው በአንድ ወይም በግማሽ ጡብ ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ ጥላው ከሩቅ ክብ እስኪመስል ድረስ። ይህ የቀራፂ ዓይን ይጠይቃል። ሕንፃን የሚያስታውሰን የትኛው መስመሩ ነው? የትኛው ቢቀር አይጎድልም? አሥር መስኮት ያለው ግድግዳ ስድስት ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ አራቱን አውጥቶ ምጥጥኑን የማዳን ውሳኔ አለ። የቢሉንድ ሞዴሎች እስካሁን የሚታዩት ይህ ውሳኔ በትክክል ስለተወሰነባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞዴሎቹን ለማየት ፋብሪካው ድረስ የሚመጣው እንግዳ በሺዎች ሲቆጠር፣ ጎድፍሬድ ከቤት ውጭ ሊያቆማቸው ወሰነ። ሰኔ 7 ቀን 1968 ሌጎላንድ የተባለው መናፈሻ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ወቅት ብቻ 625,000 ሰው ጎበኘው። ትንንሾቹ ከተሞች የተሠሩት በ1 ለ20 ሚዛን ነው፤ አንድ ሰው ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቁመት ይኖረዋል ማለት ነው። ዝናብና ንፋስ ስላለ ጡቦቹ በማጣበቂያ ይያያዛሉ፤ ትልልቆቹ በውስጣቸው የብረት አጽም አላቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ሐሳቤን የሚይዘው አቡ ሲምበል ነው። የራምሴስ ሁለተኛው እውነተኛ ቤተ መቅደስ በ1960ዎቹ፣ የአስዋን ግድብ ውሃ ሊያሰጥመው ሲል፣ ብዙዎቹ 20 ቶንና ከዚያ በላይ በሚመዝኑ ብሎኮች ተቆራርጦ ወደ ከፍታው ተወሰደና እንደገና ተገጣጠመ። የቤተ መቅደሱ ሥራ የተጠናቀቀው በ1968 መስከረም፣ ሌጎላንድ በተከፈተ በሦስተኛው ወር ነው። ከጡብ ሊሠራ ከሚችል የዓለም ቅርስ ሁሉ፣ ራሱ ተፈትቶ የተገጣጠመው ይህ ቤተ መቅደስ መመረጡ ደስ ይለኛል።

የሚዛን ጉዳይ ጎድፍሬድን ራሱን አስቸግሮታል። የራሱን መኖሪያ ቤት በጡብ ሞዴል ሊያቅድ ሲሞክር ልኩ አልመጣለትም። የአንድ ጉብታ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር፣ የጡቡ ቁመት ደግሞ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ላይና ወደ ጎን እኩል አይቆጠርም። ለአርክቴክቶች የሚሆን፣ ልኩ በ5 ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ሌላ ጡብ ሞዱሌክስ በሚል ስም በ1963 ኩባንያ ተቋቋመለት። የሞዱሌክስ ጡብ ግን ከመደበኛው የሌጎ ጡብ ጋር አልተቀላቀለም። ሞዴል ሠሪዎች ሌላ መንገድ አገኙ። የስሱ ጡብ ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አምስቱ ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። ስለዚህ ጡቡን በጎኑ አዙረው ከቀናው ጋር ሳይዛነፍ ያገጣጥሙታል። ዛሬ የምናያቸው ረቂቅ የሕንፃ ፊቶች ብዙዎቹ በዚህ ስሌት ላይ የቆሙ ናቸው።

የሚዛን ጥያቄ በሌላ መናፈሻም ተነስቷል። ዱባይ ውስጥ በ2016 በተከፈተው ሌጎላንድ ያለው ቡርጅ ከሊፋ 17 ሜትር ይረዝማል። በቢሉንድ ሚዛን ቢሠራ 828 ሜትሩ ሕንፃ 41 ሜትር ይሆን ነበርና ሠሪዎቹ ለእሱ ሚዛኑን ዝቅ አድርገዋል።

የጡብ ሕንፃዎችን ከመናፈሻ ወደ ቤት መደርደሪያ ያሻገረው ቺካጎአዊው አርክቴክት አዳም ሪድ ተከር ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ሰዎች ረጃጅም ሕንፃዎችን መፍራታቸውን አይቶ፣ አሠራራቸውን በጡብ ለማስረዳት ተነሳ። በ2008 የሌጎ ኩባንያ የሲርስ ታወርና የጆን ሃንኮክ ሕንፃ ሞዴሎቹን ለገበያ አወጣለት። በ2010 ደግሞ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሕንፃ ሙዚየም ሥራዎቹ ለእይታ ቀረቡ።

በ2022 የወጣው የኢፍል ማማ ሞዴል 10,001 ክፍሎች አሉት፤ ቁመቱ 149 ሴንቲ ሜትር ነው። የፓሪሱ ማማ ራሱ የተሠራው ከ18,038 የብረት ክፍሎች መሆኑን ሳስብ ንጽጽሩ ያስገርመኛል። እነዚያ ክፍሎች ሌቫሎዋ ፔሬ በነበረው የኢፍል ፋብሪካ ተለክተውና ተበስተው ይመጡ ነበር፤ ቦታው ላይ የቀረው ማያያዝ ነው። ሠራተኞቹም ማማውን በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከአምስት ቀን አቆሙት።